ጉበት ሁለት ቦታ ተለክቶ ሁለት ቁጥር ወጣ፤ የቱን እንመን?

ሄዋን (ጠያቂ)፦ ሰላም ቤተሰብ። ወንድሜ ሄፓታይተስ ቢ አለበት። መድኃኒት አልጀመረም። ጉበቱ ምን ያህል እንደጠነከረ ይለካ ተባለና አንድ ቦታ ፋይብሮስካን በሚባለው የጉበት ጥንካሬ መለኪያ 6.1 ኪሎፓስካል (የጥንካሬ መለኪያ አሃድ) ወጣ። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ሌላ ቦታ፣ ጉበቱን በቀለም በሚያሳየው ትልቁ አልትራሳውንድ፣ 8.7 አሉን። በዚህ ፍጥነት ተበላሸ ማለት ነው? እናታችን እንቅልፍ አጥታለች።

ሶኖግራፈሩ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ አትደንግጡ። በልቶ ነበር የሄደው? ከምግብ በኋላ ወደ ጉበት የሚሄደው ደም ስለሚጨምር ቁጥሩ ከፍ ይላል። ቢያንስ 3 ሰዓት መጾም አለበት። ሌላው ትንፋሽ ነው። ቀኝ እጁን ከራሱ በላይ አድርጎ በጀርባው ይተኛል፤ ፕሮቡ፣ ማለትም በእጅ የሚያዘው መለኪያ፣ ከቆዳው ላይ በጎድን አጥንቶቹ መሃል ይደረጋል፤ ትንፋሹንም በመደበኛው ላይ ያዝ ያደርጋል። በኃይል ከሳበ ልኬቱ ይዛባል። ወረቀቱ ላይ «አይኪውአር» የሚል መስመር አለ፤ የተደጋገሙት ልኬቶች ምን ያህል እንደተራራቁ ያሳያል፤ ስንት ፐርሰንት ይላል? በኪሎፓስካል ሲለካ ከ30 ካለፈ ቁጥሩ አያስተማምንም።

ባዮሜዲካል፦ ማሽኖቹም አንድ አይደሉም። ፋይብሮስካን ቆዳውን ከውጭ መታ ያደርግና ሞገዱን በአንድ መስመር ላይ ይከታተላል። ትልቁ ግን በራሱ ድምፅ ሥጋውን ከውስጥ ይገፋዋል፤ ከዚያ ሺር ዌቭ የሚባል ሞገድ ወደ ጎን ይሄዳል። ጠንካራ ሥጋ ላይ ይፈጥናል።

ችግሩ ሞገዱን መያዙ ላይ ነው። በሴኮንድ 1.5 ሜትር ቢሄድ 3 ሴንቲሜትርን በ20 ሚሊሴኮንድ ያልፋል። ተራ አልትራሳውንድ ምስሉን መስመር በመስመር ስለሚሠራ አንዱን ሳይጨርስ ሞገዱ ሄዷል። የፓሪሶቹ እነ ማቲያስ ፊንክና ሚካኤል ታንተር ጠፍጣፋ ሞገድ ልከው ሁሉንም በአንዴ ማየት ቻሉ፤ በሴኮንድ ሺዎች ምስል ማለት ነው።

ኪሎፓስካል የሚመጣው ፍጥነቱ በራሱ ተባዝቶ፣ ደግሞ በ3 ተባዝቶ ነው። የእናንተን መልሼ ሳሰላው 6.1 ማለት 1.43፣ 8.7 ደግሞ 1.70 ሜትር በሴኮንድ ነው። ኪሎፓስካሉ ልዩነቱን ያጎላዋል።

ታካሚ ነኝ፦ እኔም ቢ አለብኝ። የጉበት ኢንዛይም፣ ኤኤልቲ የሚሉት፣ ከፍ ካለም ቁጥሩን ይጨምረዋል። ሐኪሜ ሁለቱን ጎን ለጎን ሳያይ አይወስንም።

ሄዋን፦ ኧረ ቁርስ ፍርፍር በልቶ ነው የሄደው! አይኪውአር 34 ይላል። ታዲያ የሁለተኛውን እንርሳው?

ሶኖግራፈሩ፦ በሱ ላይ ውሳኔ አይሰጥ። በመጀመሪያው ማሽን ጾሞ ይደገምለት፤ በዚያው ቀን የደም ምርመራ፣ ማለትም ኤኤልቲ፣ ኤኤስቲ (ሌላው የጉበት ኢንዛይም) እና ፕሌትሌት (ደም የሚያረጋው ሕዋስ) ይሠራለት። ክትትሉን ግን እንዳያቋርጥ፤ 6.1ም ብትሆን ከወሰኑ ብዙ የማትርቅ ናት። የዓለም ጤና ድርጅት በ2024 ባወጣው መመሪያ ከ7 በላይ ከሆነ ጉበቱን የሚያጠነክረው ጠባሳ ጉልህ ነው፣ ከ12.5 በላይ ደግሞ ሲሮሲስ (ጉበቱ በጠባሳ ክፉኛ የተጎዳበት ደረጃ) ነው ተብሎ ይታሰባል። እነዚህ የፋይብሮስካን ቁጥሮች ናቸው፤ ትልቁ ማሽን ላይ እንዳታመሳክሯቸው።

ሄዋን፦ እግዜር ይስጥልኝ። ጠዋት የደም ግፊት ኪኒን አለው፤ እሱስ?

ሶኖግራፈሩ፦ በጥቂት ውሃ ይዋጠው፣ ችግር የለውም። ወተትና ሻይ ግን ከልኬቱ በኋላ።