ጥቆማ፦ ከኦፕራሲዮን በኋላ በምጥ ለመውለድ አዲስ አበባ የት ይሻላል?

የሰሚቷ፦ ሰላም እህቶች እንዴት ናችሁ። 33 ሳምንቴ ነው፣ የመጀመሪያዋን ልጄን የዛሬ 3 አመት በኦፕራሲዮን ነው የወለድኳት፣ የልብ ምቷ ወረደ ተብሎ። ይሄኛውን በምጥ መሞከር እፈልጋለሁ ግን ክትትል የማደርግበት የግል ሆስፒታል ጥያቄዬን እንኳን ሳልጨርስ ቀን ሊቆርጡልኝ ሆነ። እስኪ የሚያስሞክር ቦታ የምታውቁ ጠቁሙኝ፣ የመንግስትም ይሁን የግል፣ እናቴ ወይ ባሌ አብረውኝ ቢገቡ ደሞ ደስ ይለኛል። ዋጋም ብትነግሩኝ ተባረኩ።

ባለ ሶስት፦ ዶክተሬ ጋ ሂጂ ውዴ!! 3ቱንም ልጆቼን እሳቸው ጋ ነው የወለድኩት፣ እጃቸው የተባረከ ነው። ክፍሉ ሰፊ፣ ነርሶቹ ትሁት፣ አጥሚቱን ራሱ ሰርተው ነው ሚያመጡልሽ። ስማቸውን ኢንቦክስ አረግልሻለሁ።

የልደታ ልጅ፦ 3ቱንም በምጥ ነው?

ባለ ሶስት፦ አይ በኦፕራሲዮን። ግን ስፌቱ አይታይም ብልሽ ታምኛለሽ?

የልደታ ልጅ፦ እሺ። ሰው እንጀራ የት ይሸጣል ሲል እኛ ጥሩ ፓስታ ቤት እየጠቆምን ነው።

ባለ ሶስት፦ አንቺ ሳታውቂያቸው አታውሪ ባክሽ!

ዝምተኛዋ፦ እኔ ስም አልጠራም ግን የግል ስለሆነ ብቻ ጥሩ ነው እንዳትሉ። ዲፖዚት ከፍለን ማታ ገባሁ፣ ባሌን ኮሪደር ላይ አስቀሩት፣ ምጡ ሲበረታ ጮህኩ አንዷ መጥታ "ያኔ ስትስቂ ነበር አሁን ምን ያስጮህሻል" አለችኝ፣ ከዛ ልጁ አልወርድ ሲል አንዱ በክንዱ ሆዴን ተጭኖ ገፋው ትንፋሽ እስኪያጥረኝ፣ ማደንዘዣው ሳይሰራ ሰፉኝ፣ እያመመኝ ነው ስላቸው "አሁን ያልቃል" ነው መልሱ፣ ልጁን ሙቀት ክፍል ወስደውት እስኪነጋ በህይወት ይኑር አይኑር የነገረኝ ሰው የለም። ቤት ስገባ ደግሞ ሁሉም ማርያም ማረችሽ፣ ጤነኛ ልጅ ታቅፈሽ ምን ያስለቅስሻል ይለኛል። ልጄ ትምህርት ቤት ገብቷል፣ እኔ እስካሁን በዛ መንገድ ታክሲ አልይዝም።

ሶሊ፦ ወይኔ እህቴ። ስሙን ንገሪን እንጂ ሌላዋ እንዳትገባበት!

ቲጂ_22፦ እኔ የገባሁበት ነው መሰለኝ ፎቅ ነው? መግቢያው ላይ ፋርማሲ አለው?

ሶሊ፦ አዲስ አበባ ፋርማሲ የሌለው ሆስፒታል አሳዪኝ።

አድሚን፦ ስም መጥራት ይቅር፣ ክስ ይመጣብናል። ኢንቦክስ ተነጋገሩ።

ጋሽ አዋቂ፦ እናቶቻችን እቤታቸው ነበር የሚወልዱት። ዘንድሮ ሆስፒታል እንደ ሆቴል በኮከብ ነው የሚመረጠው።

የልደታ ልጅ፦ ልክ ኖት ጋሼ፣ ቀናት በምጥ ከቆዩት እናቶቻችን ስንቶቹ ሽንት እያፈሰሳቸው ከቤት እንደወጡም ይጨምሩበት። ሐኪሞቹ ባልና ሚስት ሃምሊኖች በፈረንጅ 1974 የፊስቱላ ሆስፒታሉን እዚሁ ከተማ የከፈቱት ሰው ናፍቋቸው አይደለም።

ሚድዋይፍ ነኝ፦ የሰሚቷ፣ ወደ ጥያቄሽ ልመለስ። አንዴ ኦፕራሲዮን የሆነች ሁሌ ኦፕራሲዮን የሚባል ህግ የለም። ዋናው ማህፀንሽ እንዴት እንደተቀደደ ነው፣ በታች በኩል አግድም ከሆነ መሞከር ይቻላል፣ ቁልቁል ከሆነ ግን አይሞከርም። ሆድሽ ላይ ያለውን ጠባሳ አይተሽ እንዳትፈርጂ፣ ውጪው አግድም ሆኖ ውስጡ ቁልቁል ሊሆን ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ የወለድሽበት ቦታ ሄደሽ የኦፕራሲዮኑን ወረቀት አውጪ፣ ኦፕራሲዮን የሆንሽበት ምክንያትም እዛው ላይ አለ፣ የልብ ምት መውረድ ደግሞ የግድ የሚደገም ነገር አይደለም። ከሚሞክሩት ከ100 ከ60 እስከ 80 የሚሆኑት በምጥ ይወልዳሉ። ስፌቱ የመተርተር አደጋው ከ200 አንድ አካባቢ ነው፣ ትንሽ ነው ግን ሲመጣ በደቂቃዎች ነው የሚመጣው፣ ለዚህ ነው 24 ሰአት ኦፕራሲዮን ክፍል፣ ማደንዘዣ ባለሙያና ደም የሌለበት ቦታ የማይሞከረው። ጤና ጣቢያ አይሆንሽም። ሌሊት 9 ሰአት ላይ ማነው ኦፕራሲዮን የሚሰራው፣ እዚሁ ያድራል ወይስ ከቤቱ ነው የሚጠራው ብለሽ ጠይቂ፣ መልሱ ከክፍሉ ስፋት ይበልጣል። ምጥ ለማስጀመር ሚሶፕሮስቶል የሚባል መድሀኒት ካሉሽ የተሰፋ ማህፀን እንዳለሽ ቶሎ ንገሪያቸው፣ ላንቺ አይሰጥም። ከመንግስት ጋንዲም ጳውሎስም ጠይቂ፣ ወሊድ ነፃ ነው፣ አንዳንድ መድሀኒት ግን ከውጪ ግዙ ሊሏችሁ ይችላሉ። ዝምተኛዋ፣ ሆድ መግፋትን የአለም ጤና ድርጅት በፈረንጅ 2018 አይመከርም ብሏል። የደረሰብሽ ልክ አልነበረም።

ዝምተኛዋ፦ እንደዚህ ያለኝ የጤና ባለሙያ አንቺ የመጀመሪያዋ ነሽ። እግዜር ይስጥሽ።

ከቨርጂኒያ፦ እዚህ አስተርጓሚ በነፃ ያመጡልሻል፣ ኤፒዱራል ከፈለግሽ ጀርባሽን ይወጉሽና ህመሙ ጭጭ ነው፣ ባልሽ እትብቱን ይቆርጣል።

ሶሊ፦ ቪዛውንም ላኪላታ።

አባወራ፦ ይቅርታ ከርእሱ ልውጣ፣ ሚስቴ በሚቀጥለው ወር ነው የምትወልደው፣ ለአባት ስንት ቀን ፈቃድ ነው ያለው?

የልደታ ልጅ፦ በግል ድርጅት ከሆነ በአሰሪና ሰራተኛ አዋጅ 1156/2011 ላንተ 3 ቀን ከነክፍያው፣ ለሷ ከወሊድ በፊት 30 በኋላ 90። 3 ቀን ገንፎ ለማገንፋት አይበቃም ግን ያው።

ቲጂ_22፦ ጋንዲ ይጨናነቃል። አንድ ክፍል ውስጥ በመጋረጃ ብቻ ስለሚለዩ ወንድ አያስገቡም፣ እናቴ ግን ገብታለች። እኔ የደረሱኝ አዋላጆች ስማቸውን እየነገሩ ነበር የሚነኩኝ። ምሳ የለም፣ ከቤት ነው።

ባለ ሶስት፦ ዶክተሬ ጋ ምሳ አለ።

የሰሚቷ፦ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ ዝምተኛዋ አንቺን ሳነብ አልቅሻለሁ። ወረቀቱን ልጠይቅ ሄጄ ነበር፣ ፋይሉ ስቶር ገብቷል ነገ ነይ አሉኝ። ካልተገኘስ?

ሚድዋይፍ ነኝ፦ የሰራሽን ሐኪም በስም ጠይቂ፣ ማስታወሻ ይኖረዋል። ጨርሶ ከጠፋ የሚያስሞክርሽ ሐኪም ራሱ ይወስናል፣ ሁሉም እሺ አይልም። ነገ ሂጂ፣ ከነገ ወዲያም ሂጂ።

ጋሽ አዋቂ፦ ይቅናሽ ልጄ።

የወሎ ሰፈር እናት፦ ሰላም፣ እኔም ተመሳሳይ ጥያቄ ነበረኝ። ጠያቂዋ ወለድሽ? የት ሆነልሽ?

ሶሊ፦ ወልዳለች መሰለኝ፣ ፕሮፋይሏን የህፃን እግር አድርጋዋለች።

ባለ ሶስት፦ ዶክተሬ ጋ ይሆናል።