«ደብል ዳይ» እየተባለ የሚሸጠው ሳንቲም ይከልከል ወይስ ይቀጥል?

ጠገራ ሰብሳቢ፦
ሰላም የባህር ዳር ሰብሳቢዎች። ትናንት እዚሁ ግሩፓችን ላይ የ1969 ዓ.ም 25 ሳንቲም «ደብል ዳይ» ተብሎ በ6,000 ብር ወጥቶ አየሁ፣ «ኢትዮጵያ» የሚለው ጽሑፍ ድርብ ነው ተብሎ። ፎቶውን አጉልቼ ሳየው ደብል ዳይ (ሳንቲሙን የሚመታው ብረት፣ ዳዩ፣ ራሱ ላይ ፊደሉ ድርብ ሆኖ የተቀረጸ) ሳይሆን ማሽን ደብሊንግ (ሲመታ ዳዩ ተንሸራትቶ የመጣ) ነው፣ እሱ ደግሞ የሳንቲሙን ዋጋ በአንድ ብር እንኳን አይጨምርም። እኔ የምለው፣ ብርሃን ከጎን እያረፈበት በቅርብ የተነሳ ፎቶ ሳይኖር «ደብል ዳይ» ብሎ መሸጥ እዚህ ይከልከል። እናንተስ?

ጀልባ ማረፊያ፦
ጋሼ በአክብሮት፣ ሳንቲሟን ያወጣኋት እኔ ነኝ፣ አልስማማም። ገዢና ሻጭ ተስማምተው ነው፣ በግድ የገዛ የለም። ወደ ዘጌ የሚሻገር እንግዳ እንደ ድሮው በማይመጣበት ጊዜ እኛ ከዚችው ሳንቲም ነው የምንበላው። ፊደሉ ድርብ ነው? ነው። በቃ ስህተት ነው፣ የአሜሪካው የ1955 (በፈረንጅ) አንድ ሳንቲም ፊደሉ ድርብ ሆኖ ወጥቶ በሺህ ዶላር ሲሸጥ ማን ከለከለ?

ጠገራ ሰብሳቢ፦
1955ን ካነሳህ አይቀር ወንድሜ እሱን እናውራ። ያኔ ሳንቲሙን የሚመታው ዳይ ራሱ የሚሰራው ዋናው ቅርጽ ከአንድ ጊዜ በላይ እየተጫነበት ነበር፣ ሁለተኛው ሲጫን ትንሽ ዞረና ዳዩ ላይ ፊደሉ ሁለት ሆኖ ተቀረጸ፣ ከዛ ዳይ የወጣው ሳንቲም በሙሉ፣ ወደ ገበያ የገባው 20 ሺህ ገደማ ይባላል፣ አንድ አይነት ድርብ አለው። የቢሮ ማህተም አስብ። ማህተሙ ላይ ፊደሉ ድርብ ሆኖ ከተቀረጸ ያተምከው ወረቀት ሁሉ ድርብ ነው፣ ማህተሙ ደህና ሆኖ እጅህ ከተንሸራተተ ግን ጥፋቱ የማህተሙ አይደለም። ያንተ ሳንቲም ሁለተኛው ነው።

ፖሊ ግቢ፦
ወርክሾፕ ውስጥ ፕሬስ ያየ ሰው ይሄ ቶሎ ይገባዋል። ዳዩ ላላ ካለ መትቶ ሲነሳ ይንሸራተትና ገና የወጣውን ፊደል ጎኑን ይገፋዋል፣ ስለዚ ፊደሉ አይወፍርም እንደውም ይቀጥናል፣ ምክንያቱም ያ «ሁለተኛው ፊደል» የምትሉት ከራሱ ከፊደሉ ላይ የተደፈጠጠ ነው። በማጉያ ስታዩት ከስር ዝቅ ያለ ጠፍጣፋ እርከን ነው፣ ብዙ ጊዜም ያብረቀርቃል። እውነተኛው ላይ ግን ሁለቱም ፊደል ሞላ ሞላ ያለ ነው፣ ጽሑፉ በጠቅላላ ወፈር ይላል፣ የፊደሉ እግር ጫፍ ላይ ደግሞ ሁለቱ የሚለያዩበት ትንሽ ስንጥቅ ታያላችሁ። እኔ ይከልከል ባይ ነኝ።

የሽምብጥ ልጅ፦
እሺ ግን ዳኛው ማነው? የኛ ሳንቲም አብዛኛው ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ያለቀ ነው፣ ዳዩ ራሱ ሲያረጅም ፊደሉ ዳር ዳሩ አብጦ ድርብ ይመስላል። ደሞ የጃንሆይ የ1936 ዓ.ም ሳንቲም አሜሪካ ፊላደልፊያም ተመትቷል፣ ያ የ1955ቱ ስህተት የወጣበት ቤት። እውነተኛ ደብል ዳይ የኛም ላይ ቢኖርስ? ህጉ ያገኘውን ሰው ዝም ያሰኘዋል።

ጠገራ ሰብሳቢ፦
ሊኖር ይችላል፣ ማን የለም አለ! 1936 የሚለው ዓመት ሳይቀየር ለብዙ ጊዜ ሲመታ የኖረ ነው፣ ስንት ዳይ እንዳለቀበት አስቡት። ለዚህ እኮ ነው ማስረጃ ይቅረብ የምለው፣ በላጩ ማስረጃ ደግሞ ሁለተኛ ሳንቲም ነው፣ እዛው ቦታ ላይ፣ በዛው አቅጣጫ፣ በዛው ስፋት ድርቡ ያለበት። እሱን ያመጣ ሰው መጀመሪያ እንኳን ደስ አለህ የምለው እኔ ነኝ። የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው፣ አንድ የሃይስኩል ተማሪ ያጠራቀመውን ብር ለእንዲህ አይነት ሳንቲም ሰጥቶ ሊያሳየኝ መጣ፣ ምን ልበለው? እሱ ልጅ ከእንግዲህ ትክክለኛውን ምኒልክ ብር እንኳን ብናሳየው አያምነንም።

ጀልባ ማረፊያ፦
ልጁ ያሳዝናል፣ እኔ አይደለሁም የሸጥኩለት። ፎቶውን እሺ፣ ክልከላውን ግን እምቢ። «ደብል ዳይ» የሚለውን አነሳና «ድርብ ፊደል» ብዬ እጽፋለሁ፣ ገዢው አይቶ ይወስን።

ፖሊ ግቢ፦
«ድርብ ፊደል» በ6,000 ብር? ቃሉን ብታነሳውም ዋጋው ራሱ ደብል ዳይ ነው እያለ ነው እኮ።

የሽምብጥ ልጅ፦
እዚህ ላይ ልክ ነው። ዋጋው ከሌላው 25 ሳንቲም ጋር እኩል ከሆነ እኔም ስሙ ምንም ይሁን አልቃወምም።

ጀልባ ማረፊያ፦
እሺ ዛሬ ማታ መብራቱን ከጎን አድርጌ አነሳትና እለጥፋለሁ፣ ጋሼም ፖሊም እዩዋት። ዋጋውን ግን እስከዛ አላወርድም።