ዛቢክስ 7.0ን በሁለት ሰርቨር ክላስተር ላይ እንዴት ልጫን? ፔስሜከር ይቅር ወይስ ይኑር?

ጣና ኔትወርክ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁም። የምሠራው ባህር ዳር፣ በአንድ ድርጅት የአይቲ ክፍል ውስጥ ነው። የቅርንጫፎቻችንን ራውተር፣ ስዊች፣ ዩፒኤስና ሰርቨር የምንከታተለው በዛቢክስ 5.0 ሲሆን በሁለት ማሽኖች ላይ በፔስሜከርና በኮሮሲንክ የክላስተር ሶፍትዌሮች ተጭኗል። አንዱ ማሽን ሲወድቅ ቨርቹዋል አይፒው (የጋራ አድራሻው) ወደ ሌላው ዞሮ ዛቢክስም እዚያው እንዲነሳ ነው የተሠራው።

ችግሩ የሚመጣው መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ነው። ሁለቱም ማሽኖች ሲበሩ ዛቢክስ ሰርቨር በሁለቱም ላይ ይነሳል። ከዚያ ለአንድ ችግር ሁለት ሁለት ኤስኤምኤስ ይደርሰናል፣ ግራፉም ላይ ዳታው ይደራረባል። አንዱን በእጅ እስክናጠፋ ድረስ እንደዚያው ይቀጥላል። የ5.0 ድጋፍም እ.ኤ.አ. በሜይ 2025 አብቅቷል። ስለዚህ ሁለት አዲስ ማሽኖች ላይ ሮኪ ሊኑክስ 9 ጭኜ ዛቢክስ 7.0ን ከባዶ ልጀምር ነው። ዳታቤዙ ማይኤስኪውኤል 8.0 ሆኖ ለብቻው በሦስተኛ ማሽን ላይ ነው ያለው።

የምጠይቃችሁ፦ ሶፍትዌሩ በሁለቱም ማሽኖች ላይ ይጫናል ወይስ በጋራ ዲስክ ላይ አንድ ጊዜ ብቻ? የዳታቤዙ ስኪማስ (የቴብሎቹ መዋቅር) ሁለት ጊዜ ይገባል? ፔስሜከር አሁንም ያስፈልገኛል? ኤጀንቶቹስ (በየሰርቨሩ ላይ ሆነው ለዛቢክስ ዳታ የሚያቀብሉት ፕሮግራሞች) የትኛውን አይፒ ይያዙ?

ሊኑክስ ቤት

እህቴ፣ መጀመሪያ የድሮውን ላስረዳሽ፤ አዲሱም ላይ ያው ነገር እንዳይደገም። ዛቢክስ ሰርቨር ሁለቱም ላይ የሚነሳው ሰርቪሱ በሲስተምዲ (በሊኑክስ የሰርቪስ አስነሺ) «ኢነብል» ስለተደረገ ነው። ማሽኑ ሲበራ ሲስተምዲ ፔስሜከርን ሳይጠብቅ በራሱ ያስነሳዋል። ፔስሜከር የሚያስተዳድረው ሰርቪስ በሲስተምዲ በኩል ሁልጊዜ «ዲሴብል» መሆን አለበት፤ አስነሺው አንድ ብቻ ነው መሆን ያለበት። ለአሁኑ ሁለቱም ማሽኖች ላይ ዲሴብል አድርጊው፣ ድርብ ኤስኤምኤሱ ዛሬውኑ ይቆማል።

ወደ አዲሱ ስንመጣ፣ ከ6.0 ጀምሮ፣ ማለትም እ.ኤ.አ. ከፌብሩዋሪ 2022 ወዲህ፣ ዛቢክስ የራሱ ክላስተር አለው። የጋራ ዲስክ አያስፈልግም። ሶፍትዌሩን በሁለቱም ማሽኖች ላይ እንደ መደበኛው ትጭኛለሽ፣ ሁለቱም ከአንድ ዳታቤዝ ጋር ይገናኛሉ፣ ማን አክቲቭ (የሚሠራው) ማን ስታንድባይ (ተጠባባቂው) እንደሆነ የሚወሰነው ዳታቤዙ ውስጥ ባለ አንድ ቴብል ነው። እዚህ ላይ ሰርቪሱ ሁለቱም ማሽኖች ላይ ኢነብል ይደረጋል፣ ምክንያቱም ስታንድባዩ ተነስቶ ቢሆንም ሥራ አይጀምርም፤ ተራውን ይጠብቃል።

ሮኪ 9 ላይ ስትጭኚ አንድ ነገር ልብ በይ። ኤፔል ሪፖ (ተጨማሪ የፓኬጅ ማከማቻ) ካለሽ እሱም ውስጥ የዛቢክስ ፓኬጆች ስላሉ ከዛቢክስ ሪፖ ጋር ይጋጫሉ። የኤፔል ሪፖ ፋይል ውስጥ በዛቢክስ የሚጀምሩ ፓኬጆችን በሙሉ የሚያስቀር የ«ኤክስክሉድ» መስመር ጨምሪ። ይሄ ካልተደረገ ሁለቱ ኖዶች (የክላስተሩ ማሽኖች) የተለያየ ቨርዥን ይዘው ልታገኚያቸው ትችያለሽ።

ከዚያ በእያንዳንዱ ማሽን የሰርቨሩ ኮንፊግ ፋይል ላይ ሁለት ፓራሜትሮች ይሞላሉ። «ኤችኤ ኖድ ኔም» ለእያንዳንዱ ማሽን የተለየ ስም ነው፤ ይሄ ባዶ ከሆነ ሰርቨሩ ብቻውን እንዳለ ቆጥሮ ነው የሚነሳው። «ኖድ አድሬስ» ደግሞ የዚያ ማሽን አይፒና ፖርቱ 10051 ነው። ሌላው ሁሉ፣ የዳታቤዝ ስም፣ ዩዘርና ፓስወርድ፣ የካሽ መጠን፣ በሁለቱም አንድ ዓይነት ይሁን።

ዳታቤዝ ጠባቂ

በዳታቤዙ በኩል ልጨምር። ስኪማው የሚገባው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፣ ከአንዱ ኖድ ይበቃል። ዳታቤዙ ሲፈጠር ካራክተር ሴቱ ዩቲኤፍ 8 ኤምቢ 4፣ ኮሌሽኑ የእሱ «ቢን» የሚለው ይሁን። ማይኤስኪውኤል 8.0 ላይ ባይነሪ ሎግ በነባሪ ክፍት ስለሆነ፣ ስኪማውን ከማስገባትሽ በፊት «ሎግ ቢን ትረስት ፋንክሽን ክሪኤተርስ» የሚለውን ቫሪያብል ወደ 1 ቀይሪው፣ ስትጨርሺ ወደ 0 መልሺው። ካልቀየርሽው የዳታቤዙን ትሪገሮች ሲፈጥር በኤረር ይቆማል።

የዛቢክስ ዩዘር ፈቃዱ ለሁለቱም ኖዶች አይፒ መሰጠት አለበት። ብዙ ሰው ለአንዱ ብቻ ሰጥቶ ይተወዋል፤ ሁለተኛው ኖድ ዳታቤዙን ማግኘት ስለማይችል ስታንድባይም መሆን አይችልም።

ከሁሉም በላይ ግን የሚያሳስበኝ ያቺ ሦስተኛ ማሽን ናት። የዛቢክስ ክላስተር የሚጠብቀው የዛቢክስን ፕሮሰስ ብቻ ነው። ዳታቤዙ ከወደቀ ሁለት ኖድ ኖረሽ አራት ልዩነት የለውም፤ ሁሉም አብረው ይቆማሉ። ስለዚህ ጊዜሽንና በጀትሽን እዚህ ላይ አድርጊው። ሦስት ማሽን ማግኘት ከቻልሽ ኢኖዲቢ ክላስተር (የማይኤስኪውኤል የራሱ ክላስተር) ሥሪ። ሦስት የምልሽ ለድምፅ ብልጫ ነው፤ ሁለት ሆነው መስመሩ ሲቋረጥ የትኛው እውነተኛ እንደሆነ የሚፈርድ የለም። ጋሌራም (ሌላው የማይኤስኪውኤል ክላስተር) ቢሆን እንደዚያው ነው፤ ሦስተኛው ሙሉ ሰርቨር መሆን ካልቻለ ዳታ የማይዝ፣ ድምፅ ብቻ የሚሰጥ «ጋርብዲ» የሚባል ትንሽ ፕሮሰስ ሌላ ማሽን ላይ ማስቀመጥ ይቻላል። ይሄ ሁሉ እስኪሟላ ድረስ ቢያንስ አንድ ሬፕሊካ (ዳታቤዙን እየተከተለ የሚገለብጥ ሌላ ማሽን) እና በየቀኑ ወደ ሌላ ሕንፃ የሚወጣ ባክአፕ ይኑርሽ።

ከቨርጂኒያ

እኔ ፔስሜከርን ሙሉ በሙሉ አውጪው አልልሽም። ዛቢክስ ሰርቨርን ግን ውስጡ አትክተቺ፣ በዚህ ከሊኑክስ ቤት ጋር እስማማለሁ። ሁለት ክላስተር አንድ ፕሮሰስ ላይ ሲያዝዙ መጨረሻው አያምርም። ፔስሜከር የሚጠቅምሽ ለቨርቹዋል አይፒው ነው። ሠራተኛው ዌብ ገጹን በአንድ አድራሻ ይከፍታል፤ የኤስኤንኤምፒ ትራፕ (መሣሪያው ችግር ሲገጥመው በራሱ የሚልከው መልእክት) የሚልኩት ስዊቾችና ዩፒኤሶችም ብዙዎቹ የሚያውቁት አንድ ወይም ሁለት አድራሻ ነው። ለዚህ ብቻ ከሆነ ኪፕአላይቭድም (ቨርቹዋል አይፒ የሚያዞር ፕሮግራም) ይበቃል፣ ቀለል ይላል። ትራፑ ግን የሚነበበው ፋይሉ ባለበት ኖድ ላይ ስለሆነ፣ ቨርቹዋል አይፒው አክቲቩ ዛቢክስ ያለበትን ኖድ እንዲከተል አድርጊ። መሣሪያው ሁለት አድራሻ የሚቀበል ከሆነ ደግሞ ለሁለቱም ኖዶች እንዲልክ ማድረግ ነው።

ፔስሜከር የሚኖር ከሆነ የመብራቱን ጉዳይ አስቢበት። ኮሮሲንክ ሁለት ኖድ ብቻ ሲኖረው ከሙሉ መጥፋት በኋላ ሁለቱም እስኪተያዩ ድረስ ይጠብቃል። መብራት ሲመለስ አንዱ ማሽን ብቻ ቢነሳ ክላስተሩ ሳይጀምር ይቆያል ማለት ነው። «ኪውዲቫይስ» የሚባለውን ሦስተኛ ድምፅ በሌላ ትንሽ ማሽን ላይ ማድረግ ይህን ይፈታል።

የኤጀንቱን ጥያቄ ማንም አልመለሰልሽም። «ሰርቨር» በሚለው መስመር የሁለቱንም ኖዶች አይፒ በኮማ ለይተሽ ጻፊ፣ ምክንያቱም አክቲቩ ኖድ የሚጠይቀው በራሱ አይፒ ነው እንጂ በቨርቹዋሉ አይደለም። «ሰርቨር አክቲቭ» በሚለው ግን መለያው ሴሚኮለን ነው። ኮማ ካደረግሽው ኤጀንቱ ሁለት የተለያዩ ሰርቨሮች አሉ ብሎ ለሁለቱም ሊልክ ይሞክራል፤ ስታንድባዩ ደግሞ ፖርት 10051 ላይ ስለማያዳምጥ ሎጉ በኤረር ይሞላል። ፕሮክሲ (ዳታ ሰብስቦ ለሰርቨሩ የሚልክ የዛቢክስ ፕሮግራም) ካለሽም የኖዶቹ አድራሻ የሚለየው በሴሚኮለን ነው።

ጣና ኔትወርክ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። እንዳላችሁት ጫንኩት። የኤችኤ ስታተስ ትእዛዙን (የክላስተሩን ሁኔታ የሚያሳየውን) ስሰጥ አንዱ አክቲቭ፣ ሌላው ስታንድባይ ብሎ ያሳያል። ሁለት ነገር ግን አልገባኝም።

አንደኛ፣ ሰርቨሩ እየሠራ፣ ዳታም እየገባ፣ ዌብ ገጹ ከታች «ዛቢክስ ሰርቨር አይሠራም» የሚል ማስጠንቀቂያ ያወጣል፤ በተለይ ሁለተኛው ኖድ አክቲቭ ሲሆን። ሁለተኛ፣ አክቲቩን በሲስተምዲ ሳቆመው ሌላው ወዲያው ይረከባል፤ የኔትወርክ ገመዱን ስነቅል ግን ከደቂቃ በላይ ይቆያል። የተሳሳተ ነገር አለ?

ሊኑክስ ቤት

ሁለተኛው ስህተት አይደለም። በሥርዓት ሲቆም አክቲቩ ኖድ «ቆሜያለሁ» ብሎ ዳታቤዙ ላይ ጽፎ ነው የሚወጣው፤ ስታንድባዩ ያንን አይቶ ይረከባል። ገመዱ ሲነቀል ግን ምንም ሳይጽፍ ነው የሚጠፋው። ኖዶቹ በየ5 ሰከንዱ ዳታቤዙ ላይ ምልክት ያኖራሉ፤ ስታንድባዩ የአክቲቩ ምልክት እስኪያረጅ ይጠብቃል፣ የመጠበቂያው ጊዜ በነባሪ 1 ደቂቃ ነው። ገመዱ የተነቀለበትም ኖድ ዳታቤዙን ማግኘት ሲያቅተው ጊዜው ከመሙላቱ 5 ሰከንድ ቀደም ብሎ ሥራውን አቁሞ ራሱን ወደ ስታንድባይ ያወርዳል። ሁለቱ በአንድ ጊዜ አክቲቭ የማይሆኑት በዚህ ነው። የድሮው ክላስተርሽ ይህ መከላከያ አልነበረውም።

ጊዜውን ከ10 ሰከንድ እስከ 15 ደቂቃ መቀየር ይቻላል፣ ሰርቨሩን ሳታቆሚ በትእዛዝ። 30 ሰከንድ ብታደርጊው ይበቃል። ከዚያ በታች አልመክርም፤ ዳታቤዙ ባክአፕ እየወሰደ ትንሽ ቢዘገይ ኖዶቹ ያለምክንያት ቦታ ሊቀያየሩ ነው።

ለመጀመሪያው ጥያቄሽ፣ የኤችኤ ስታተሱ ከእያንዳንዱ ኖድ አጠገብ ምን አድራሻ ነው የሚያሳየው?

ጣና ኔትወርክ

የመጀመሪያው ትክክለኛ አይፒውን ያሳያል። ሁለተኛው «ሎካልሆስት 10051» ይላል።

ሊኑክስ ቤት

ተገኘ። ሁለተኛው ማሽን ላይ «ኖድ አድሬስ» አልተሞላም፣ ወይም ፊቱ ላይ ያለው የኮመንት ምልክት አልተነሳም። ዌብ ገጹ አድራሻውን ከዳታቤዙ ያነብና ወደ ራሱ ማሽን ነው የሚደውለው። ሞልተሽ ሪስታርት አድርጊው። በተጨማሪም የዌቡ ኮንፊግ ፋይል ውስጥ የሰርቨሩን አድራሻና ፖርት የሚይዙት ሁለት መስመሮች ኮመንት መሆን አለባቸው፤ እዚያ አይፒ ከተጻፈ ዌቡ ክላስተሩን ትቶ ያችን አይፒ ብቻ ያያል። ከዚህም በኋላ ማስጠንቀቂያው ካልጠፋ ኤስኢሊኑክስን (የሊኑክስን የደህንነት መቆጣጠሪያ) ተመልከቺ፤ ዌብ ሰርቨሩ ከዛቢክስ ጋር እንዲገናኝ የሚፈቅድ ቡሊያን (የሚከፈትና የሚዘጋ መቼት) አለ፣ እሱ ይከፈት። ኤስኢሊኑክስን ማጥፋት መፍትሔ አይደለም።

ጣና ኔትወርክ

ማስጠንቀቂያው ጠፋ! ሁለተኛው ኖድ ላይ ኮመንቱ አልተነሳም ነበር። አሁን ገመዱን ነቅዬ ስሞክር ሁሉም ነገር ይዞራል፣ ኤስኤምኤስ ግን አይመጣም። የዩኤስቢ ሞደሙ ያለው የመጀመሪያው ማሽን ላይ ነው፤ ለካ ማሽኑ ሲወድቅ ሞደሙም አብሮ ይሄዳል።

ከቨርጂኒያ

ይሄ ብዙ ቦታ ሳይፈተሽ የሚቀር ነገር ነው፤ ቀድመሽ ስለሞከርሽው ጥሩ ነው። ለሁለተኛውም ማሽን የራሱ ሲም ያለው ሞደም ግዙለት። ዛቢክስ ውስጥ የሞደሙ የዲቫይስ ስም የሚጻፈው አንድ ጊዜ ስለሆነ ሁለቱም ማሽኖች ላይ ስሙ አንድ መሆን አለበት፤ በዩዴቭ ሩል (ሊኑክስ ለመሣሪያ ስም በሚሰጥበት ደንብ) ቋሚ ስም ስጡት፣ አለዚያ ማሽኑ በተነሳ ቁጥር ቁጥሩ ሊቀያየር ይችላል። የዛቢክስ ዩዘርም ሁለቱም ላይ ሞደሙን ለመጠቀም የሚፈቅደው «ዳያልአውት» ግሩፕ ውስጥ ይግባ።

ኤስኤምኤስ በኢንተርኔት የሚልክ አገልግሎት ካላችሁ ደግሞ በዌብሁክ (ዛቢክስ መልእክቱን በቀጥታ ወደ አገልግሎቱ በሚልክበት ስክሪፕት) ማድረግ ይቻላል፤ ዌብሁክ ዳታቤዙ ውስጥ ስለሚቀመጥ ለሁለቱም ኖዶች እኩል ይሠራል። ኢንተርኔቱ ራሱ ሲቋረጥ ግን መልእክቱ አይወጣምና ሞደሙን አታንሱት። ፋይል የሆነ ነገር ሁሉ፣ የአለርት ስክሪፕት፣ ኤክስተርናል ስክሪፕት፣ የኤስኤንኤምፒ ሚብ፣ የኦዲቢሲ ኮንፊግ፣ ሰርተፊኬት፣ በሁለቱም ማሽኖች ላይ እኩል መኖር አለበት። ክላስተሩ ፋይል አይገለብጥም።

ዳታቤዝ ጠባቂ

አንድ ነገር ብቻ፦ ስታንድባዩ ሞቶ ቢቆይ አክቲቩ እስኪወድቅ ድረስ ማንም ላያውቅ ይችላል። ከዛቢክስ ጋር የሚመጣው የሰርቨር ጤና ቴምፕሌት የክላስተር ኖዶችን ራሱ አግኝቶ ሁኔታቸው ሲቀየር ያስታውቃል። ለሰርቨሩ ሆስት መያያዙንና ያ ትሪገር (ማንቂያው) በኤስኤምኤስ እንደሚደርሳችሁ አረጋግጪ።

ጣና ኔትወርክ

ተያይዟል፣ ስታንድባዩን አቁሜ ሞክሬዋለሁ፣ ማንቂያው ይደርሳል። የመጨረሻ ጥያቄ፦ ወደፊት አፕዴት ስናደርግ የትኛው ኖድ ይቅደም?

ሊኑክስ ቤት

በ7.0 ውስጥ ላለ ትንሽ አፕዴት አንዱን ጨርሰሽ መሥራቱን ካየሽ በኋላ ወደ ሌላው ሂጂ። ወደ ሌላ ዋና ቨርዥን ስትሄዱ ግን ሁለቱንም አቁሚ፣ ባክአፕ ውሰጂ፣ አንዱ ላይ «ኤችኤ ኖድ ኔም»ን ኮመንት አድርገሽ ብቻውን አስነሺውና ዳታቤዙን አሻሽሎ እስኪጨርስ ሎጉን ተከታተዪ። ሲጨርስ ስሙን መልሰሽ ሪስታርት አድርጊው፣ ሁለተኛውን ከዚያ በኋላ አፕግሬድ አድርገሽ አስነሺው።