የልጆች ኳስ ዕቅድ፦ ለቦርዱ የሚቀርበው የጋራ ረቂቅ

የማኅበሩ ጸሐፊ፦
ሰላም ለሁላችሁ። እሁድ ስብሰባ ላይ የተነሳውን የልጆች ኳስ ጉዳይ እዚሁ እንቋጨው። እስካሁን የተያዘው ሀሳብ በበጋ አንድ የዋንጫ ውድድር ማዘጋጀት፣ ማሊያ ማሠራትና የክብር እንግዳ መጋበዝ ነው። የምትጨምሩትንም የምትቀንሱትንም ጻፉ።

የወላጆች ተወካይ፦
ዋንጫውን አልቃወምም። ግን ከዚያ በፊት የካናዳውን ኳስ ተጫዋች አልፎንሶ ዴቪስን ላንሳ። ልጁ ያደገው እዚሁ ካናዳ፣ ኤድመንተን ከተማችን ነው፣ ታሪኩ በጣም ይመለከተናል።

የተወለደው እ.ኤ.አ. በ2000 ጋና ውስጥ፣ ቡዱቡራም የስደተኞች ካምፕ ነው። ወላጆቹ የላይቤሪያን ጦርነት ሸሽተው የወጡ ናቸው። ካናዳ ሲገባ ገና 5 ዓመቱ ነበር። መጀመሪያ ዊንድዘር፣ ከዚያ እዚህ። እናትና አባቱ ሥራ ሲውሉና ሲያድሩ ታናናሾቹን የሚጠብቀው፣ ዳይፐር የሚቀይረው እሱ ነበር። ይህን ስሰማ የታየኝ የኛው ቤት ነው። እናት የማታ ፅዳት፣ አባት ታክሲ ላይ፣ ትልቁ ልጅ ወጥ አሙቆ ለታናናሾቹ ያቀርባል።

እንዲህ ካለ ቤት ልጁን ማን ልምምድ ያመላልሰዋል? ለዴቪስ በሩን የከፈተለት ያኔ ፍሪ ፉቲ፣ ዛሬ ፍሪ ፕሌይ የሚባለው ነው። ከትምህርት ሰዓት በኋላ ልጆችን በነፃ የሚያጫውት የዚህ ከተማ ፕሮግራም ነው። ምዝገባውንም፣ ዕቃውንም፣ መጓጓዣውንም ይችላል። ከዚያ በኋላ ያለውን ታውቁታላችሁ። በ14 ዓመቱ ወደ ቫንኩቨር ዋይትካፕስ ክለብ ሄደ። እናቱ እንኳን ቶሎ እሺ አላሉም ነበር። በ2016፣ በ15 ዓመቱ፣ በሰሜን አሜሪካው ትልቁ ሊግ በኤምኤልኤስ ተሰለፈ። በ2019 መጀመሪያ ባየርን ሙኒክ ገባ። በ2020 ባርሴሎና በባየርን 8 ለ 2 የተሸነፈ ቀን በግራ መስመር ተከላካዩን ሴሜዶን አልፎ፣ የጎሉን መስመር ተከትሎ ገብቶ ለቡድን ጓደኛው ለኪሚሽ ያቀበላትን ኳስ ልጆቻችን እስከ ዛሬ በስልካቸው እየመላለሱ ያያሉ።

የኔ ልጅ አንድ ክለብ ተቀብሎት ነበር። ልምምዱ ከምሽቱ 12 ሰዓት፣ እኔ ደግሞ ሥራ የምገባው 12 ተኩል። ሦስት ጊዜ አረፈድን። በአራተኛው ቦታው ለሌላ ልጅ ተሰጥቷል ተባልን። መኪና ውስጥ አላለቀሰም። ጫማውን አውልቆ እግሩ ሥር አስቀመጠና በመስኮት እያየ ቤት ደረስን። ያ ጫማ ሥሩ ላይ የደረቀ ሳር እንደያዘ አሁንም ጋራዥ ውስጥ አለ። ስለዚህ የረቂቁ ቁጥር አንድ መጓጓዣ ይሁን።

ገንዘብ ያዥ፦
እህቴ፣ አሳመንሽኝ። ምዝገባና ዕቃ ላይ ኪድስፖርትና ጃምፕስታርት የሚባሉት ድርጅቶች አቅም ላነሳቸው ቤተሰቦች ያግዛሉ። ችግሩ የኛ ሰው ፎርሙን አይሞላም። አንዱ እንግሊዝኛው ይከብደዋል፣ ሌላው ሰው ምን ይለኛል ይላል። ቅዳሜ ቅዳሜ ቢሮ ቁጭ ብሎ በምስጢር ፎርም የሚሞላ አንድ ሰው ይመደብ። የዋንጫውን በጀት በግማሽ ቀንሰን ለነዳጅና ለክረምት አዳራሽ ኪራይ እናውለው። በረዶ ከጣለ በኋላ ውጭ ኳስ የለም።

አንድ አባት፣ ከሽማግሌዎች፦
ልጆቼ፣ ጥሩ ብላችኋል። አንድ ነገር ግን ላርም። "ቀጣዩን ዴቪስ እናፈራለን" የሚል ዓረፍተ ነገር ረቂቁ ላይ አይግባ። ቦርዱንም ወላጁንም መሸወድ ይሆናል፣ ልጁም ላይ ሸክም ነው። ዴቪስ በ2018 ሞስኮ ላይ በፊፋ ጉባኤ ፊት ቆሞ ሲናገር 17 ዓመቱ ነበር። ሰሜን አሜሪካ የ2026ን የዓለም ዋንጫ እንዲሰጣት ነው የተናገረው። ካናዳ እንደተቀበለቻቸው ተናገረ፣ የኳስ ቡድኑ ልጆች ደግሞ ቤተኛ እንዳደረጉት። በ2022 ኳታር ላይ ክሮኤሺያ ላይ ያገባት የካናዳ ወንዶች የመጀመሪያ የዓለም ዋንጫ ጎል ናት፣ እኔም ከሶፋው ዘልዬ ተነስቻለሁ። ዓላማችን ላይ መጻፍ ያለበት ግን ያ የሞስኮው ቃል ነው። ልጁ ጓደኛ ያግኝ፣ ሰፈሩን ይልመድ።

ከወጣቶች ክፍል፦
ጋሼ እውነት ነው። እኔም በ9 ዓመቴ ስመጣ እንግሊዝኛ ሳልችል ኳስ ሜዳ ላይ ነው ጓደኛ ያገኘሁት። ሁለት ነገር ልጨምር። ልጆቹን በመኪና የሚያመላልሱ ሁሉ የፖሊስ ማጣሪያ፣ ማለትም የወንጀል መዝገብ ምርመራ ወረቀት፣ ያቅርቡ፣ የምናውቃቸው ሰዎች ቢሆኑም። ሴቶች ልጆችም ከመጀመሪያው ቀን ይካተቱ፣ "በሚቀጥለው ዓመት" አይባል። እህቴን እንዲህ እየተባለች ነው ያለፋት።

የማኅበሩ ጸሐፊ፦
ረቂቁን አስተካክዬዋለሁ። ዓላማው በጋሼ ቃል ተጽፏል። መጓጓዣ አንደኛ፣ ፎርም መሙላት ሁለተኛ፣ የክረምት አዳራሽ ሦስተኛ። ማጣሪያውና የሴቶች ቡድን ገብተዋል። ዋንጫው በትንሹ ይቀጥላል፣ የክብር እንግዳው ቀርቷል። ማክሰኞ የሚነዱ ሁለት ሰዎች ተገኝተዋል። ሐሙስ ባዶ ነው።

የወላጆች ተወካይ፦
ፈረቃዬ ተቀይሯል። ሐሙስን እኔ እይዛለሁ። መኪናዬ ሰባት ሰው ይጭናል፣ ከኔ ጋር ስድስት ልጅ ማለት ነው። የማጣሪያውን ወረቀት ነገ አስገባለሁ።