ላፕቶፑ ታብሌቴን ማየት አቆመ፤ ንጋት ላይ መኪና ይነሳል፣ እባካችሁ!

ጠያቂ (ቆጪ)፣ ማታ 2፡40
ጅማ ነኝ። ላፕቶፑ የታብሌቴን ሆትስፖት ማየት አቆመ። ትናንት አጋሮ እያለን በደንብ ይሠራ ነበር። አሁን ላፕቶፑ ላይ የጎረቤት ልጅ ስልክ ሆትስፖት ይታያል፣ የኔ ታብሌት ግን የለም። ስልኬ ታብሌቱን ያየዋል። ንጋት 12 ሰዓት ላይ መኪናው ወደ አዲስ አበባ ይነሳል። ከዚያ በፊት ታብሌቱ ላይ ያለው የሥራ ፎቶ ላፕቶፑ ውስጥ መግባት አለበት። መብራት ከመሸ ጀምሮ የለም፤ የላፕቶፑ ባትሪ 41 ፐርሰንት ነው። የምታውቁ ቶሎ በሉልኝ።

የቂጦ ልጅ
ሁለቱንም አጥፍተሽ አብሪ።

ጠያቂ
ሦስቴ አድርጌዋለሁ።

አጂፕ ሰፈር
እህቴ፣ ገመድ እያለ በአየር ምን አደከመሽ? ሰክተሽ የታብሌቱን ስክሪን ከላይ ወደ ታች ጎትቺ። ፋይል ማስተላለፍ የሚለውን ንኪ። አለቀ።

ጠያቂ
ሳልነግራችሁ ቀርቼ ነው። የታብሌቱ መሰኪያ ተበላሽቷል። ሞተር ላይ ስንሄድ ፓወር ባንኩ እንደተሰካበት ቦርሳ ውስጥ ነበር፤ ውስጧ ያለችው ቀጭን ምላስ ተጣመመች። ገመዱን በአውራ ጣቴ ወደ ላይ ደግፌ ስይዘው ቻርጅ ያደርጋል፣ ሌላ ነገር የለም።

መምህር (ሄርማታ)
ልጄ፣ ነገሩን ከሥሩ እንየው። ሰዎች ብሉቱዝንና ዋይፋይን አንድ ያደርጓቸዋል። ብሉቱዝ ለጆሮ ማዳመጫና ለትንሽ ፋይል ነው፤ በተግባር በሰከንድ 2 ሜጋቢት ገደማ ቢያሳልፍ ነው። ዋይፋይ ከዚያ ብዙ እጥፍ ይፈጥናል። ስለዚህ መጀመሪያ የፋይሉን መጠን ማወቅ ያስፈልጋል። ስንት ጊጋ ነው?

ጠያቂ
640 ፎቶ፣ 1.8 ጊጋ። የቡና ፍሬ በሽታ የያዛቸው ዛፎች ናቸው። አራት ቀን ጎማ ወረዳ ገበሬዎቹ ማሳ ውስጥ የዞርንበት ነው። ዝናብ ላይ ነው ያነሳናቸው፣ ደግመን አናገኛቸውም።

መምህር (ሄርማታ)
እንግዲያው በብሉቱዝ 2 ሰዓት ይፈጃል። ባትሪሽ አይደርስም።

የቂጦ ልጅ
ታብሌቱን ሪሴት አድርጊው፣ ይስተካከላል።

ጥገና ቤት (መርካቶ)
እህቴ፣ እንዳትነኪው! ሪሴት ሁለት ዓይነት ነው። የኔትወርክ ሪሴት የሚያጠፋው የዋይፋይ ፓስዎርዶችንና የብሉቱዝ ትውውቅን ነው። የፋብሪካው ሪሴት ግን ፎቶውን ሁሉ ጠራርጎ ይወስደዋል። ማታ ተጨንቆ ያለ ሰው አንዱን ከሌላው ያምታታል። ሁለቱንም ተዪው።

አሁን ሁለት ነገር መልሺልኝ። ላፕቶፑ የቆየ ነው? ታብሌቱስ ከትናንት ወዲህ አፕዴት አድርጓል?

አዌቱ ማዶ
ቆይ፣ ፎቶውን ላፕቶፕ ላይ መጫን ለምን አስፈለገ? ፎርሙን በኮቦ (የመረጃ መሰብሰቢያው አፕ) ከሞላችሁት ከታብሌቱ በቀጥታ በሞባይል ዳታ ይላካል። ላፕቶፕ መሀል ምን ያገባዋል?

ጠያቂ
ፎርሞቹን ልኬያለሁ ወንድሜ። ፎቶዎቹ ግን በካሜራው ለብቻ የተነሱ ናቸው፤ አለቃችን በላፕቶፕ ይዞ ነው የሚሄደው። 1.8 ጊጋ በዳታ ልልክ ብል ዛሬ ኔትወርኩ አያደርሰኝም።
ጥገና ቤት፦ አዎ ላፕቶፑ አሮጌ ነው፣ የቢሮ ነው። ታብሌቱ ዛሬ ቢሮ ዋይፋይ ላይ አፕዴት አድርጎ ራሱ ተነስቷል።

ጥገና ቤት (መርካቶ)
እንግዲህ እዚያው ጋ ነው ያለው። ሆትስፖት በሁለት መስመር ይለቀቃል፤ በ2.4 እና በ5 ጊጋኸርዝ። የቆዩ ላፕቶፖች ብዙዎቹ 2.4ን ብቻ ነው የሚያዩት። ታብሌቱ ወደ 5 ከዞረ ለላፕቶፑ እንደሌለ ነው፤ አዲስ ስልክ ግን ያየዋል። አንቺም ስልኬ ያየዋል ብለሻል። ሆትስፖት ሴቲንግ ውስጥ ግቢና "ባንድ" (የሆትስፖቱ መስመር ማለት ነው) የሚለውን ወደ 2.4 መልሺው። አንዳንዱ ታብሌት ላይ "ተኳሃኝነትን ጨምር" በሚል ስም ነው የሚገኘው። እዚያው ሴኩሪቲ የሚለው ደብሊውፒኤ3 ከሆነም ወደ ደብሊውፒኤ2 አውርጂው፤ አሮጌ ዊንዶውስ ደብሊውፒኤ3ን አያውቅም።

የቂጦ ልጅ
ወይ በተቃራኒው ላፕቶፑ ሆትስፖት ይክፈት፣ ታብሌቱ ይግባበት።

አዌቱ ማዶ
ዊንዶውስ 10 ራሱ ኢንተርኔት ካላገኘ ሆትስፖት አይከፍትልህም። መብራት በሌለበት ከየት ያመጣል? ጥገና ቤት ያለውን ትሞክር።

አጂፕ ሰፈር
አጥፍታ ታብራው እስቲ።

ጠያቂ፣ ማታ 3፡25
ታየ! ባንዱን ወደ 2.4 ስመልሰው ወዲያው መጣ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ግን ተገናኝቶም ላፕቶፑ ላይ የታብሌቱ ፋይል አይታይም። "ኢንተርኔት የለም" ይላል። ባትሪ 29።

ጥገና ቤት (መርካቶ)
ኢንተርኔት አያስፈልግሽም፤ ሁለቱ መሣሪያዎች እርስ በርስ መነጋገራቸው ይበቃል። ዳታውንም አጥፊው፣ ላፕቶፑ ሂሳብሽን እንዳይበላ። መገናኘት ብቻውን ግን ፋይል አያሳይም። የታብሌቱን ፋይል ማናጀር ክፈቺ፤ ብዙዎቹ ኤፍቲፒ (ፋይል በኔትወርክ ማሳለፊያ) ወይም ከኮምፒውተር መድረስ የሚል አላቸው። አብሪው። ብዙ ጊዜ ftp://192.168 ብሎ የሚጀምር አድራሻ ያወጣልሻል። ላፕቶፑ ላይ አቃፊ ክፈቺና ከላይ ባለው መስመር ላይ ታብሌቱ የጻፈውን ከነነጥቡ፣ ከነመጨረሻው ቁጥር ጻፊው። የካሜራ አቃፊውን ኮፒ አድርጊ። ከታብሌቱ አትቁረጪ፣ ኮፒ ብቻ!

መምህር (ሄርማታ)
ይሄም እምቢ ካለ ስልክሽ አለ። ፎቶዎቹን ከታብሌቱ ወደ ስልክሽ በኩዊክ ሼር (አንድሮይድ ላይ ያለው ያለ ገመድ ፋይል ማሳለፊያ) አሳልፊ፤ ከዚያ ስልኩን በገመድ ላፕቶፑ ላይ ሰኪ። የስልክሽ መሰኪያ ደህና ነው አይደል?

ጠያቂ፣ ማታ 3፡50
የስልኬ ደህና ነው ጋሼ። ግን ኤፍቲፒው ሠራልኝ! 214 አልፏል። ባትሪ 19።

አዌቱ ማዶ
ስክሪኑን አደብዝዢው፣ ብሮውዘሩን ዝጊ። ፎቶ እየከፈትሽ አትመልከቺ። ታብሌቱንም ላፕቶፑ አጠገብ አድርጊው።

ጥገና ቤት (መርካቶ)
ባትሪው 7 ሲደርስ ኮፒውን አቁሚና ላፕቶፑን በአግባቡ ዝጊው። የቀረውን በመምህሩ መንገድ ስልክሽ ላይ አስቀምጪው፤ መኪና ውስጥ በገመድ ታስገቢዋለሽ። ሱቄ ጠዋት 2 ሰዓት ነው የሚከፈተው፣ ለነገው አልደርስልሽም። ስትመለሺ ግን ታብሌቱን ይዘሽልኝ ነይ፣ መሰኪያው ይቀየራል።

መምህር (ሄርማታ)፣ ማታ 4፡30
ልጄ፣ ስንት ደረሰ?