ፌሬታችን ምግብ አልበላም አለች፣ ሰገራዋም አረንጓዴ ሆኗል፤ ምን ላድርግላት?

እናት ከቨርጂኒያ፦
ሰላም ወገኖች። ልጄ የምታሳድጋት ፌሬት (ሙጭልጭላ የምትመስል ትንሽ የቤት እንስሳ) አለች፤ ገና ዓመት አልሞላትም። ከትናንት ማታ ጀምሮ ምግቧን አሽትታ ትመለሳለች። ሰገራዋ አረንጓዴና ንፍጥ የመሰለ ነው። ጥርሷን ታፋጫለች፣ አፏንም በእጆቿ ትጠራርጋለች። ውሻ ሲታመም እናውቃለን፤ የዚችኛዋ ግን ግራ ገባኝ። አብሽ በጥብጬ ላጠጣት? ወይስ ወተት ይሻላታል?

ሁለት ፌሬት ያለው፦
እህቴ፣ ሁለቱንም ተይው። ፌሬት ሥጋ በል ናት። አንጀቷ አጭር ስለሆነ የበላችው ከ3 እስከ 4 ሰዓት ውስጥ ያልፋል። እህል፣ ፍራፍሬ፣ ዳቦ አይስማማትም፤ ወተት ደግሞ ተቅማጡን ያባብሰዋል። ምግብ በፍጥነት ሲያልፍም ሰገራ አረንጓዴ ይሆናል፣ ስለዚህ በቀለሙ ብቻ በሽታው አይታወቅም። በቅርቡ ሌላ ፌሬት ቤት አስገብታችኋል? አዲስ ሲመጣ የሚተላለፍ የራሳቸው ኮሮና ቫይረስ አለ።

እናት ከቨርጂኒያ፦
የለም፣ እሷ ብቻ ናት።

እንስሳት ክሊኒክ የምትሠራ፦
እኔን ያሳሰበኝ ጥርስ ማፋጨቷ ነው። ሲያቅለሸልሻቸው ወይም ሲያማቸው ነው እንደዚያ የሚያደርጉት። በዚህ ዕድሜ ጎማና ስፖንጅ ማኘክ ይወዳሉ፤ የዋጡት አንጀታቸው ላይ ይሰነቀራል። እስቲ ቤቱን ተመልከቺ፦ የስሊፐር ጫፍ፣ የሪሞት ቁልፍ፣ የጆሮ ማዳመጫ ጎማ፣ የሶፋ ስፖንጅ። የጎደለ ካገኘሽ፣ ካስመለሳት ወይም ሰገራዋ ከቆመ ነገ እወስዳታለሁ አትበይ። እስክትታይ ድረስ በግድ አታብያት። የአንገቷን ቆዳ በሁለት ጣት ሳብ አድርገሽ ልቀቂው፤ ወዲያው ካልተመለሰ ፈሳሽ አንሷታል።

ሰገራዋ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ጨጓራዋ ወይም አንጀቷ እየደማ ሊሆን ይችላል። ፌሬቶች ሄሊኮባክተር የሚባል ጨጓራ የሚያቆስል የራሳቸው ባክቴሪያ አላቸው፣ በመድኃኒት ይታከማል። የሰው ማስታገሻ ግን፣ አይቡፕሮፌንም ሆነ ታይለኖል፣ ሊገድላት ስለሚችል እንዳትሞክሪው።

ሁለት ፌሬት ያለው፦
ስትደውይ መጀመሪያ «ፌሬት ታያላችሁ ወይ?» በያቸው። ውሻና ድመት ብቻ የሚያክሙ ብዙ ናቸው። ሰገራዋንም በላስቲክ ይዘሽ ሂጂ። ሐኪሙ ትብላ ካለ በኋላ ሽንኩርት የሌለበት የሕፃናት የዶሮ ምግብ ለብ አድርገሽ በሲሪንጅ ትንሽ ትንሽ ስጫት፤ የኔዎቹ ሲታመሙ እሱን አይጠሉም።

እናት ከቨርጂኒያ፦
እግዜር ይስጥልኝ። የልጄ ጆሮ ማዳመጫ አንደኛው ጎማ የለም! ድንገተኛ ክሊኒክ ደውዬ እናያታለን ብለውኛል። እየወጣን ነው።

እንስሳት ክሊኒክ የምትሠራ፦
ጎበዝ። የቀረውን ጎማ ይዘሽ ሂጂና ለሐኪሙ አሳዪው። ጎማ ራጅ ላይ ሁልጊዜ አይታይም፤ መጠኑን ካወቁ አልትራሳውንድ ሲያነሷት ምን እንደሚፈልጉ ያውቃሉ።