በመሃል የሚያርፍ ቀጥታ በረራ ላይ አፕግሬድ እንዴት ይሠራል?

ጥያቄ (ከሜሪላንድ)

ሰላም ለሁላችሁ። እናቴን ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን ለማምጣት ትኬት ልቆርጥላት ነው። ጉልበቷን ስለሚያማት ኢኮኖሚ ገዝቼ ባጠራቀምሁት ማይል (አየር መንገዱ በበረርሁ ቁጥር በሚመዘግብልኝ ነጥብ) ወደ ቢዝነስ ክላስ ላሳድግላት፣ ማለትም አፕግሬድ ላደርግላት፣ አስቤያለሁ። ግራ ያጋባኝ ነገር አለ። ከዋሽንግተን ወደ አዲስ አበባ የሚሄደው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን የትም ሳያርፍ ሲደርስ፣ ከአዲስ አበባ የሚመጣው ግን በአንድ የበረራ ቁጥር ቢሸጥም መሃል ላይ አንድ ከተማ ያርፋል። አፕግሬዱ የሚጸናው ለጉዞው በሙሉ ነው ወይስ ለአንዱ ምዕራፍ (ከአንድ ማረፊያ እስከ ቀጣዩ ላለው በረራ) ብቻ? አትላንቲክን የሚያሻግረውን ረጅሙን ምዕራፍ ብቻ ማሳደግስ ይቻላል? የመቀመጫ ካርታውን ስከፍት ቢዝነሱ ሊሞላ የተቃረበ ይመስላል፤ የትኬት ወኪሉ ግን ቦታ አለ ይለኛል። ከመግዛቴ በፊት የሚያውቅ ሰው ቢያስረዳኝ እጅግ አመሰግናለሁ።

መልስ 1 (ትኬት ቢሮ የምሠራ)

ጥያቄዎ ተገቢ ነው፤ ብዙ ደንበኞች ይህንን የሚጠይቁት ከከፈሉ በኋላ ነው። በመጀመሪያ አውሮፕላኑ ለምን እንደሚያርፍ ማወቅ ይጠቅማል። የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሚገኝ አየሩ ስስ ነው። ስለዚህ አውሮፕላኑ ሙሉ ጭነትና ለ11,500 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚበቃ ነዳጅ ይዞ ለመነሣት ይቸገራል፤ ወደ ምዕራብ ሲበር ደግሞ ነፋሱ ፊት ለፊት ስለሚመጣበት ነዳጁ ይበልጥ ይፈጃል። ዋሽንግተን ዳላስ ግን ዝቅ ያለ ቦታ ላይ ስላለና ነፋሱም ከኋላ ስለሚያግዝ ሲመለስ ማረፍ አያስፈልገውም። በዚህ ምክንያት ወደ አሜሪካ የሚሄዱት በረራዎች በተለያዩ ዓመታት ሮም፣ ደብሊን (አየርላንድ) ወይም ሎሜ (ቶጎ) እያረፉ ተጉዘዋል።

ለአፕግሬድ ወሳኙ ጉዳይ ማረፊያው ነዳጅ ለመቅዳትና ሠራተኛ ለመቀየር ብቻ ነው ወይስ መንገደኛም ይሳፈርበታል የሚለው ነው። ለነዳጅ ብቻ ከሆነ በመሃል ከተማ የሚሸጥ ወንበር ስለሌለ ሥርዓቱ ጉዞውን እንደ አንድ በረራ ይቆጥረዋል፤ ከአዲስ አበባ ሲነሣ ባዶ የነበረ የቢዝነስ ወንበር እስከ ዋሽንግተን ባዶ ይሆናል። መንገደኛ የሚሳፈርበት ከሆነ ግን ነገሩ ይለወጣል። ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ2015 በተጀመረው የሎስ አንጀለስ በረራ ላይ ከደብሊን ለሚሳፈሩ መንገደኞች ትኬት ይሸጥ ነበር፤ በ2016 ደግሞ ከሎሜ ኒውዮርክ አጠገብ ወዳለችው ኒውአርክ የሚሄዱ የምዕራብ አፍሪካ መንገደኞችን የሚያሳፍር በረራ ተከፍቷል። እንዲህ ባለው መስመር ከአዲስ አበባ እስከ ሎሜ ቢዝነሱ ግማሹ ባዶ ሆኖ፣ ከሎሜ እስከ አሜሪካ ግን አንድም ወንበር ላይተርፍ ይችላል።

የእናትዎ ትኬት በአንድ የበረራ ቁጥር ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን ተብሎ ከተቆረጠ ለአየር መንገዱ አንድ ኩፖን፣ ማለትም በትኬቱ ላይ የተመዘገበ አንድ በረራ፣ ነው። ስለዚህ አፕግሬዱ የሚጸናው በሁለቱም ምዕራፎች ላይ ወንበር ሲገኝ ነው፤ ጠባቡ ምዕራፍ ይወስናል ማለት ነው። የመቀመጫ ካርታውም በሁለቱም ምዕራፎች ክፍት የሆኑትን ወንበሮች ብቻ ስለሚያሳይ ከእውነታው የበለጠ የሞላ መስሎ ይታያል። ከዚህም ሌላ ካርታው ወንበር መምረጫ እንጂ የሽያጭ መዝገብ አይደለም፤ ለሠራተኛ ወይም ለልዩ አገልግሎት የተያዙ ወንበሮችም እንደተሸጡ ሆነው ይታያሉ። ወኪልዎና እርስዎ የተለያየ መልስ ያገኛችሁት በዚህ ሊሆን ይችላል።

መልስ 2 (ማይል የማጠራቅም)

ከላይ የተሰጠው ማብራሪያ ትክክል ነው፤ ረጅሙን ምዕራፍ ብቻ ስለ ማሳደግ ግን የምጨምረው አለኝ። በመሃል ከተማ መንገደኛ የሚሳፈርበት በረራ ከሆነ ወኪሉ ያንኑ አውሮፕላን ሁለት ኩፖን አድርጎ፣ ለምሳሌ አዲስ አበባ ሎሜና ሎሜ ኒውአርክ ብሎ፣ ሊቆርጠው የሚችልበት ጊዜ አለ። ያን ጊዜ ሁለቱ ምዕራፎች ለየብቻ ስለሚታዩ አንዱን ብቻ ማሳደግ ይቻላል። ነገር ግን ዋጋው ሊጨምር ይችላል፤ ምክንያቱም ከመነሻ እስከ መድረሻ በአንድነት የወጣው ዋጋ ለሁለት የተከፈለ ጉዞ ሁልጊዜ አይሠራም። በተጨማሪም መንገደኛው በማረፊያው ከተማ ወንበር መቀየር ይኖርበታል። ለጤነኛ ወጣት ይህ ቀላል ነው፤ ጉልበታቸውን ለሚያማቸው እናት ግን በሌሊት ዕቃ ይዞ ከኋላ ወደ ፊት መሄድ ድካም ስለሆነ እኔ አልመክርም።

የማይል አቆጣጠሩም ይለያያል። ማይልን በርቀት የሚያሰሉ ብዙ የአየር መንገድ ፕሮግራሞች በአንድ የበረራ ቁጥር ለተጓዘ ሰው የሚመዘግቡት ከመነሻው እስከ መድረሻው ያለውን ቀጥተኛ ርቀት እንጂ በመሃል ከተማ የዞረውን መንገድ አይደለም። በአንድ የበረራ ቁጥር እያረፉ መጓዝ በእኛ መስመር ብቻ የሚታይ አይደለም፤ የአሜሪካው ዩናይትድ አየር መንገድ በረራ 154 ከሆኖሉሉ ተነሥቶ የፓስፊክ ደሴቶቹን ማጁሮን፣ ክዋጃሌይንን፣ ፖንፔንና ቹክን እየነካ ጉዋም ሲደርስ በመንገዱ ሁሉ ቁጥሩ አንድ ነው፤ እስከ መጨረሻው የሚሄድ መንገደኛም በየደሴቱ መካከል ባለው በረራ ሁሉ ወንበር ያስፈልገዋል።

መልስ 3 (ከቨርጂኒያ)

እኔ የምለው ስለ ግዢው ቅደም ተከተል ነው። ኢኮኖሚውን መጀመሪያ ገዝቶ አፕግሬዱን በኋላ መጠየቅ አደገኛ ነው፤ ርካሽ የሆኑት የኢኮኖሚ ዋጋዎች ብዙ ጊዜ በማይል ለማሳደግ አይፈቀዱም። ማይልዎ በሌላ የስታር አላያንስ (የኢትዮጵያ አየር መንገድም ያለበት የአየር መንገዶች ኅብረት) አባል ፕሮግራም ውስጥ ከሆነ ደግሞ ገደቡ ይበልጥ ጥብቅ ይሆናል፤ በአጋር አየር መንገድ ላይ ማሳደግ የሚፈቀደው በአብዛኛው ውድ ለሆኑት የዋጋ ደረጃዎች ነው። የስታር አላያንስ ወርቅ አባልነትም ላውንጅና ቅድሚያ ይሰጣል እንጂ በራሱ አፕግሬድ አይሰጥም። ስለዚህ ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት የዋጋ ደረጃው ማሳደግ ይፈቅድ እንደሆነ፣ ለአፕግሬድ የተመደበ ወንበርም በዚያ ቀን መኖሩን ወኪሉ በስክሪኑ ላይ አይቶ ይንገርዎት። የሚሸጥ የቢዝነስ ወንበር አለ ማለት በማይል የሚሰጥ ወንበር አለ ማለት አይደለም፤ ሁለቱ ለየብቻ ይመደባሉ።

የአፕግሬድ ወንበር እስኪገኝ በተራ መጠበቂያ መዝገብ መግባትን በተመለከተ፣ የቢዝነስ ወንበሩ ለእናትዎ ጤና አስፈላጊ ከሆነ በዚያ ላይ መተማመን ተገቢ አይመስለኝም። በማይል ሙሉ የቢዝነስ ትኬት መቁረጥ ከአፕግሬድ ይልቅ ጥቂት ብቻ የሚበልጥበት ጊዜ ስላለ፣ ሁለቱን ሳያነጻጽሩ አይወስኑ።

ጠያቂዋ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። አሁን ወኪሉን መጀመሪያ የምጠይቀው በማረፊያው ከተማ መንገደኛ ይሳፈራል ወይስ አይሳፈርም የሚለውን ይሆናል። አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ፤ አውሮፕላኑ ሲያርፍ እናቴ መውረድ ይኖርባታል? ተሽከርካሪ ወንበርስ ለሁለቱም ምዕራፎች ለየብቻ ይጠየቃል?

መልስ 1 (ትኬት ቢሮ የምሠራ)

ለነዳጅ ብቻ ሲያርፍ መንገደኛው ባብዛኛው ወንበሩ ላይ ሆኖ ይጠብቃል። ትኬቱ በአንድ ኩፖን ከተቆረጠ የተሽከርካሪ ወንበሩ ጥያቄም በዚያው ላይ አንድ ጊዜ ይመዘገባል፤ ሁለት ኩፖን ከሆነ ግን በሁለቱም ላይ መመዝገቡን ያረጋግጡ። አየር መንገዶች የማረፊያውን ከተማ ስለሚቀይሩ፣ የጊዜ ሰሌዳ ለውጥ መልእክት ሲደርስዎ አፕግሬዱ፣ የወንበር ቁጥሩና የተሽከርካሪ ወንበሩ ጥያቄ ወደ አዲሱ በረራ መተላለፋቸውን ደውለው ይጠይቁ፤ ከእነዚህ አንዱ በለውጡ መካከል ሊቀር ይችላል።